ስለ ቅጠልና ስለ ኪኒን
መድኃኒትን መርምሮ ስለ መቀበል ለመንደር አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መድኃኒት ለሰው ልጅ ከእህልና ከውሃ ቀጥሎ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ነገር ግን እህል በዐይን ታይቶ፥ በቍና ተሰፍሮ ሲገዛ፥ መድኃኒት ብዙ ጊዜ በእምነት ብቻ ይዋጣል። ያመነውም ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ከጫካ የተገኘ ሁሉ ፈጣሪ የሰጠው ነውና አይጐዳም፤ ከፋብሪካ የመጣ ግን ያስፈራል» ይላል። ሁለተኛው «የአባቶች ቅጠል ከንቱ ልማድ ነው፤ በብልቃጥ የመጣ ሁሉ ያድናል» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የፈረዱ ናቸው። የዚህ ትምህርት ዓላማ መድኃኒት በተወለደበት ስፍራ ሳይሆን በተፈተነበት ሥራ እንደሚፈረድ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች ዓመታት የተጻፉት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ዘመን ሲሆን ግን ዓ.ም. ተብሎ ተለይቷል።

፩ ጥርጣሬው ከየት እንደ መጣ

ከጅማ ከተማ ተነሥቶ በሰቃ በኩል ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ጎጀብ ወንዝ ከመውረዱ በፊት ሸቤን ያገኛል። አገሩ የቡና አገር ነው፤ ቡናውም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በዚህ አገር መድኃኒት ከደጅ አይርቅም። ኦሮምኛ ተናጋሪው ኢቢቻ የሚለው ግራዋ በአጥር ላይ ይገኛል፤ መካኒሳ የሚባለው ብሳና ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ ጤና አዳም በጓሮ፥ ኮረሪማ በጫካ፥ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በገበያ አይታጡም። እናት ልጇን ሆዱን ቢቈርጠው ወይም ራሱን ቢያመው፥ አስቀድማ እጇን የምትዘረጋው ወደ ጓሮዋ ነው። ይህም አያስነቅፋትም፤ ጓሮው ቅርብ ነው፥ ዋጋም አያስከፍልም፥ ከእናቷ የተማረችው ነገር ነው።

ሐኪም ቤት ግን ለብዙው ገበሬ ሩቅ ነው። ደርሶም ተራ ይጠብቃል፤ ተራውም ሲደርስ ሐኪሙ ጥቂት ጠይቆ፥ በማይነበብ ጽሕፈት ወረቀት ጽፎ ያሰናብተዋል። የአገር መድኃኒት ዐዋቂው ግን ቁጭ ብሎ ያዋየዋል፥ የቤተሰቡን ነገር ይጠይቀዋል፥ በቋንቋው ያጽናናዋል። እንግዲህ ሰው ልቡን ወደሚሰማው ቢያዘነብል ምን ይደንቃል?

ከዚህም በላይ የሐኪም ቤቱ መድኃኒት ራሱ የተሳሳተበት ጊዜ አለ። ታሊዶማይድ የሚባል ኪኒን በ1957 በጀርመን አገር ለገበያ ወጥቶ፥ ለእንቅልፍና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ማቅለሽለሽ ይሰጥ ነበር። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪነሣ ድረስ በልዩ ልዩ አገሮች ከአሥር ሺሕ የሚበልጡ ሕፃናት እጃቸው ወይም እግራቸው አጥሮ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ተወለዱ። ስለዚህ «የፈረንጅ መድኃኒት አይጐዳም» ብሎ የሚያስተምር አስተማሪ እውነት አይናገርም። መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ አንዱን ጠርጥሮ ሌላውን ሳይጠረጥሩ መዋጥ ነው።

፪ የኮሶ ታሪክ

የኢትዮጵያ ሕዝብ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው የአገር መድኃኒት ኮሶ ነው። ኮሶ በደጋ የሚበቅል ታላቅ ዛፍ ሲሆን፥ የሴቲቱ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ደርቆ፥ ተወቅጦ፥ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ሥራውም በአንጀት ውስጥ የሚኖረውን፥ በስሙም ኮሶ የተባለውን ጥብጣብ የመሰለ ትል ማስወጣት ነው። ይህ ትል ከአራት ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ብራዬር የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቁስጥንጥንያ ሳለ የመድኃኒቱን ኃይል ዐውቆ ለአውሮፓ ሐኪሞች ስላስታወቀ፥ የእኛ ኮሶ በባሕር ማዶ መድኃኒት ቤቶች እስከ መሸጥ ደርሷል። እንግዲህ «የአገር መድኃኒት ከንቱ ነው» የሚል ሰው በኮሶ ይረታል።

ይሁን እንጂ ያው ኮሶ ሁለተኛውንም ወገን ይረታል። አባቶች ኮሶ የሚጠጡበትን ቀን ከሥራ ቀርተው ያሳልፉት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆድን ይቈርጣል፥ ያስመልሳል፥ ያደክማል፤ ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት ይችላል። ብዙ የጠጣ ሰውም የዐይኑ ጅማት ተጐድቶ የታወረበት ጊዜ አለ። ችግሩ መጠኑ አለመታወቁ ነው። አዲስ የተለቀመው አበባ ብርቱ ነው፤ የቈየው ይደክማል፤ የአንዱ ዛፍ ከሌላው አይተካከልም። አንድ ጽዋ ዛሬ ትሉን ሳይነካው ያልፋል፤ ያው አንድ ጽዋ በሌላ ቀን ሰውየውን ይጥለዋል። በጽዋ የሚለካው ውሃው እንጂ የመድኃኒቱ ኃይል አይደለም።

ደግሞ ኮሶ ትሉን ያስወጣል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ትሉ የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ይኸውም ትል ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላል በሣሩ ላይ ይወድቃል፤ በሬ ሣሩን ሲግጥ ዕንቍላሉ በሥጋው ውስጥ ገብቶ እንደ ትንሽ ፊኛ ይሆናል፤ ሰውም ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ፊኛው በአንጀቱ ውስጥ ረጅም ትል ይሆናል። ስለዚህ ብርንዶ የሚወድ ሰው በሁለት በሁለት ወር ኮሶ ሲጠጣ፥ ከበስተፊት እያስወጣ ከበስተኋላ ያስገባ ነበር። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ በሚሊግራም የተለኩ ኪኒኖች አሉ። ነገር ግን ኪኒኑም ቢሆን ሥጋውን በማብሰልና በመጸዳጃ ጕድጓድ በመጠቀም ካልተረዳ እንደ ኮሶው ይመላለሳል።

፫ እንዶድ፤ የአገር ዕውቀት ሲመረመር

ኦሮምኛ ተናጋሪው አንዶዴ የሚለውን እንዶድ የማያውቅ ቤት የለም፤ ሴቶች ነጭ ልብስ የሚያጥቡበት ፍሬ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ የሚባለውን፥ በውሃ የሚመጣውን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። ሴቶቹ ለብዙ ዘመን በየቀኑ ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር ማንም አልመረመረውም ነበር።

አክሊሉ ለማ «አየሁት፤ ስለዚህ እውነት ነው» ብለው አልቆሙም። ፍሬውን ለኩ፤ በስንት ውሃ ስንት እንዶድ እንደሚበቃ ፈተኑ፤ በዐድዋ ለአምስት ዓመት፥ ከ1969 እስከ 1974፥ በወንዞቹ ተፈትኖ ሕፃናት ተቈጠሩ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት በበሽታው የተያዙት ከመቶ ሃምሳ የነበሩት ወደ ሰባት ወረዱ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራ በ1989 በስዊድን አገር ትክክለኛ ኑሮ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የመንደር ሰው ዕውቀት ሊናቅ አይገባውም። ሁለተኛ፥ ያ ዕውቀት ብዙዎችን የሚያድነው ሲለካና ሲቈጠር ነው። ያለ መለካት ያው እንዶድ መርዝ ነው፤ ፅንስ ለማስወረድ ብለው ጠጥተውት ሕይወታቸውን ያጡ ሴቶች አሉ። ቀንድ አውጣን የሚገድልና ሴትን የሚገድል አንድ ፍሬ ነው፤ የሚለያቸው መጠኑና ሥራው ነው።

፬ ፈንጣጣ፤ ጥርጣሬ ዋጋ ያስከፈለበት

አባቶቻችን የፈረንጅ ክትባት ወደ አገራችን ሳይገባ አስቀድሞ የራሳቸው ክትባት ነበራቸው። ከፈንጣጣ ቍስል መግል ወስደው በጤነኛው ሰው ክንድ ላይ ሸንትረው ያገቡት ነበር። የተከተበውም ቀለል ባለ ሕመም ታሞ ከታላቁ ፈንጣጣ ይድናል። ይህ ጥበብ እውነተኛ ነበር። በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ ከተያዙት ከአምስቱ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞት፥ እንዲህ ከተከተቡት የሚሞቱት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነበሩ።

ነገር ግን አንድ የተሰወረ ጕዳት ነበረበት። በክንዱ የገባው ነገር እውነተኛ ፈንጣጣ ስለ ሆነ፥ የተከተበው ሰው ራሱ ቢድንም ያልተከተቡት ጐረቤቶቹን ያስይዛል። እንግሊዛዊው ጄነር በ1796 ያገኘው ክትባት ግን ከከብት ፈንጣጣ የተወሰደ ስለ ሆነ ፈንጣጣን ለሌላ አያስተላልፍም። ልዩነቱ በተከተበው ሰው ላይ አይታይም፤ የሚታየው ጐረቤት ሲቈጠር ነው።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ሥራ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር፥ በ1971 ዓመት ብቻ ከ26 ሺሕ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። በብዙ ስፍራ ሕዝቡ «የአባቶቻችን ክትባት ይበቃናል» እያለ አዲሱን ክትባት እምቢ አለ፤ በዚህም ምክንያት በሽታው ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ሥራው ዘገየ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ እየሄዱ፥ ሽማግሌዎችን እያስረዱ፥ የታመመውን ፈልገው በዙሪያው ያሉትን እየከተቡ፥ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው ሕመምተኛ በአገራችን ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር ሁሉ መጥፋቱን ዐወጀ። ዛሬ በሸቤ ትምህርት ቤት ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ልጅ የማይገኘው ስለዚህ ነው። የተበሳሳ ፊት ያላቸውን ሽማግሌዎች ግን ልጆቹ ጠይቀው ይረዱ።

፭ ወባ በቡና ለቀማ ጊዜ

አሁን ነገሩ ወደ ደጃችን ይመጣል። በሸቤና ወደ ጎጀብ በሚወርደው ቆላ፥ ኦሮምኛ ተናጋሪው ቡሳ የሚለው ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ያም ቡና የሚቀላበትና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በቡናው ውስጥ ይውላል፤ ለቃሚ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ የአንድ ቀን ሥራ መቅረት ገንዘብ ያሳጣል። ስለዚህ ሕፃኑ ትኩሳት ሲይዘው «ለዛሬ ግራዋ ጨምቀን እናጠጣው፤ ነገ ካልተሻለው እንወስደዋለን» ይባላል። ይህች «ነገ» የምትባለው ቃል በየዓመቱ ሕፃናትን ትገድላለች። ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው የወባ ዓይነት ወደ አንጎል ሲወጣ ከትኩሳት ወደ መንቀጥቀጥ፥ ከመንቀጥቀጥ ወደ ሞት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያደርሳልና። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የወባን ጕዳት ለማስታወስ የ1958ን መቅሠፍት መናገር ይበቃል። ከሰኔ 1950 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ወባ በወትሮ ከማይደርስበት ወይና ደጋ ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺሕ ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። በዚያን ጊዜ ቅጠል አልጠፋም ነበር። ግራዋም ብሳናም በየአጥሩ ነበሩ።

«ታዲያ ግራዋ ጠጥተው የዳኑ ሰዎች አሉ፤ ይህስ እንዴት ነው?» ቢሉ፥ መልሱ ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ ጕንፋን ያለ መድኃኒትም ይድናል። ሁለተኛ፥ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በየሁለተኛው ቀን የሚነሣ ነው፤ ሕመምተኛው ትኩሳት በተነሣበት ቀን ቅጠሉን ጠጥቶ በማግሥቱ ቢሻለው፥ ቅጠል ባይጠጣም ያን ቀን ይሻለው ነበር። ሦስተኛና ዋናው፥ የዳነው ሰው ይመሰክራል፤ የሞተው ግን አይመሰክርም። በገበያ የሚሰማው የዳኑት ቃል ብቻ ነውና፥ አንዱ ወገን ብቻ ቀርቦ እንደ ተሰማበት ፍርድ ነው። ግራዋና ብሳና በወባ በተያዙ አይጦች ላይ ተፈትነው ጥቂት ኃይል ታይቶባቸዋል። ይህም ወደ ፊት ሊመረመሩ እንደሚገባ ያስረዳል፤ ዛሬ የታመመውን ሕፃን ያድናሉ ማለት ግን አይደለም።

የወባ ኪኒኖችም ራሳቸው የቅጠልና የልጥ ልጆች ናቸው። ኪኒን የሚለው ስም እንኳ የመጣው ኪና ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው፤ ሁለት ፈረንሳውያን በ1820 ከልጡ ውስጥ ኪኒንን ለይተው አወጡ። ደግሞ ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ከ1,600 ዓመት በፊት ከተጻፈ የአገሯ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ለትኩሳት እንዲጠጣ የሚል አገኘች። መጽሐፉ ቅጠሉ በውሃ ተነክሮ ይጨመቅ ይላል እንጂ ይፈላ አይልም። እርሷም መፍላቱ ኃይሉን እንደሚያጠፋው ተረድታ፥ በቀዝቃዛ መንገድ አርቴሚሲኒንን ለየች፤ ስለዚህም በ2015 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች። አገራችን ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የምትሰጠው ከዚህ የተሠራውን ኪኒን ነው።

«እንግዲያስ ቅጠሉን ራሱን አፍልተን ብንጠጣው ምን ይጐድላል?» ቢሉ፥ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ኃይል እንደ ዘሩ፥ እንደ ዐፈሩና እንደ አደራረቁ ይለያያል። ያነሰ መጠን ደግሞ የወባውን ተሕዋስ ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን አይደግፍም። ኪኒኑም ቢሆን በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ መወሰድ ሲገባው በሁለተኛው ቀን ቢቋረጥ ያው ጥፋት ይሆናል። ክሎሮኪን የተባለው የቀድሞ ኪኒን ለፋልሲፓረም ወባ ያልጠቀመው ተሕዋሱ ስለ ለመደው ነው። ሐኪሞቹም ይህን ቈጥረው ባዩ ጊዜ መድኃኒታቸውን ለወጡ። አንዳንዶች «ሐኪሞች ዛሬ ያሉትን ነገ ይሽራሉ» ብለው ይነቅፏቸዋል፤ ነገር ግን ስሕተቱን ቈጥሮ የሚተው ሰው ይበልጥ ይታመናል እንጂ አያንስም።

፮ ስለ ውፍረትና ስለ ስኳር በሽታ

በቀድሞ ዘመን ውፍረት የጥጋብና የክብር ምልክት ነበር፤ ቅጥነት የረኃብ። ዛሬ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች በእግር መሄድ አንሶ፥ ዘይትና ስኳር በዝቶ፥ ውፍረት ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት ጋር አብሮ ይታያል። ከዚህም የተነሣ «ውፍረት የሚያጠፋ፥ ከተፈጥሮ የተገኘ» የሚባል ዱቄትና ሻይ በየገበያው ይሸጣል። ሻጩም «ኬሚካል የለበትም፤ ስለዚህ አይጐዳም» ይላል።

ይህን ቃል ለመመርመር በቤልጅግ አገር የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ከ1990 ጀምሮ በብራስልስ ከተማ ለመቅጠን የፈለጉ ሴቶች ከቻይና የመጣ የሥር ዱቄት ይሰጣቸው ነበር። በ1993 ሐኪሞች የእነዚህ ሴቶች ኵላሊት መድረቁን ጽፈው አስታወቁ፤ በኋላ የተጐዱት ከመቶ በላይ ሆኑ፥ አንዳንዶቹም ነቀርሳ ያዛቸው። ምክንያቱ አንዱ ሥር በሌላ መርዛም ሥር መለወጡ ነበር። ዱቄት ከሆነ በኋላ ማን ይለየዋል? መርዙም ከተፈጥሮ የተገኘ ነበር።

ኪኒኑም ከዚህ ነቀፋ አልዳነም። ፌንፍሉራሚን የተባለው የመቅጠኛ ኪኒን የልብ መዝጊያዎችን የሚጐዳ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1997 ከአሜሪካ ገበያ ተነሥቷል። እንግዲህ ያለ ድካም ለመቅጠን የፈለገ ሰው በቅጠልም ተጐዳ፥ በኪኒንም ተጐዳ።

የሚሻለው መንገድ ከቤት ይጀምራል። አንድ ሰው በቀን ስድስት ስኒ ቡና ጠጥቶ በእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢጨምር፥ ማንኪያውም አራት ግራም ቢይዝ፥ በቀን 48 ግራም፥ በወርም ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል። ይህን ሒሳብ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ይሥሩት። የሸቤ አያቶች ቡናን ያለ ስኳር፥ አንዳንድ ጊዜም በጨው ይጠጡ ነበር፤ ስኳሩን መተው መልካም ነው፥ ጨው ግን የደም ግፊት ላለበት አይበጅምና ይቀነስ። ጐመን፥ ባቄላና አተር፥ ያልተፈተገ እህል መብላት፤ በየቀኑ በእግር መሄድ፤ ማታ ሆድን አለመሙላት። ይህ ከተፈጥሮ የተገኘ ሕክምና ነው፤ ሐኪሞችም የሚመሰክሩለት ነው፤ የሚሸጠው ነጋዴ ግን የለውም።

ነገር ግን የስኳር በሽታ ሁሉ ከውፍረት አይመጣም። ቀጭን የሆነ ልጅ ወይም ጐልማሳ እጅግ ሲጠማው፥ ሽንቱ ሲበዛ፥ ሥጋው ሲከሳ፥ ጣፊያ ሳይሆን ቆሽት የሚባለው የሆድ ዕቃው ኢንሱሊንን መሥራት አቁሞ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ኢንሱሊን በመርፌ ካልወሰደ ይሞታል። ኢንሱሊን በ1921ና በ1922 በካናዳ ከከብት ቆሽት ወጥቶ ከመሰጠቱ በፊት በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ሁሉ ይሞት ነበር። ለውፍረቱ የስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን የተባለ ኪኒንም መነሻው የአውሮፓ ሜዳ ሣር ነው። እንግዲህ «መርፌውን ተው፤ ይህን ቅጠል ጠጣ» የሚል ሰው፥ ደግ አስቦም ቢሆን፥ ልጁን ወደ መቃብር ይልከዋል። የጅማ ሆስፒታል ሐኪሞች ይህን ሕክምና በነርሶች እጅ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ስላወረዱ፥ ብዙ ሕሙማን ለመርፌያቸው እስከ ጅማ መጓዝ ቀርቶላቸዋል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም መጾም የሚወድ የስኳር ሕመምተኛ አስቀድሞ ጤና ጣቢያውን ይጠይቅ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለበሽተኛ ይራራሉና።

፯ አራቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ቅጠልም ይምጣ ኪኒን፥ ሰው ከመዋጡ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ።

መጀመሪያ፤ በሽታው ምን እንደ ሆነ ተለይቷልን? ወባ መሆኑ በጤና ኬላ በአንዲት ጠብታ ደም ይታወቃል።

ሁለተኛ፤ መጠኑ ስንት ነው? «አንድ እፍኝ» መጠን አይደለም፤ የማን እፍኝ ነው?

ሦስተኛ፤ ስንት ሰው ወስዶት ስንቱ ዳነ፥ ስንቱስ ተጐዳ? የሞቱትስ ተቈጥረዋልን?

አራተኛ፤ ይህን ስሞክር ጊዜው ቢያልፍ ምን ይሆናል? ጕንፋን ቢዘገይ ጕዳት የለውም፤ የሕፃን ትኩሳት ግን አንድ ቀን አያድርም።

እነዚህን ጥያቄዎች መልሶ የተገኘ መድኃኒት ከጫካ ቢመጣ ይወሰድ፤ ያልመለሰ ግን በወርቅ ብልቃጥ ቢመጣ ይቅር።

አስተማሪው የአገር መድኃኒት ዐዋቂዎችን በተማሪዎች ፊት አይስደብ። የተሰደበ ሽማግሌ ዕውቀቱን ይደብቃል፤ ሕመምተኛውንም ከሐኪም ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለሁለቱም ይሠራል፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የጠጣውን ቅጠል ሳያፍር ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙም ሳይቈጣ ይስማ። ይልቁንም አስተማሪው ሽማግሌውን በአክብሮት ቀርቦ፥ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፥ የዕፁን ስም በኦሮምኛና በዐማርኛ፥ የሚጠቅመውን ክፍል፥ የሚበቅልበትን ስፍራ ይጻፍ። በአገራችን የመድኃኒት ዕውቀት ከአባት ወደ አንድ ልጅ በምስጢር ስለሚተላለፍ፥ ወራሽ ሳይገኝ ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። እንዶድን ለዓለም ያስታወቀው የሴቶቹ ልማድና የመርማሪው ቍጥር በአንድነት ነው። ከሸቤ ጫካም እንዲህ ያለ ነገር ሊገኝ ይችላል፤ የሚገኘው ግን ተጽፎ ከቈየ ነው።

ሽማግሌዎችም በበኩላቸው ይህን አንድ ነገር በየዕድሩና በየመስጊዱ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይናገሩ፤ በቡና ለቀማ ጊዜ ትኩሳት የያዘው ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። ቡናው በዛፉ ላይ አንድ ቀን ቢያድር ይደርቅ ይሆናል፤ ለከርሞ ግን እንደ ገና ያፈራል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

፩ ኮሶ በሁለት በሁለት ወር መጠጣቱ ትሉን ለምን ፈጽሞ አላጠፋውም? የትሉን ዑደት ሥዕል ሥሩ።

፪ የአባቶች የፈንጣጣ ክትባት የተከተበውን ሲያድን ጐረቤቱን ለምን ይጐዳ ነበር?

፫ «የዳነው ይመሰክራል፤ የሞተው አይመሰክርም» ማለት ምን ማለት ነው? ከመንደራችሁ ምሳሌ አምጡ።

፬ በቤታችሁ በሳምንት ስንት ግራም ስኳር በቡና ይጠጣል? ለክተው ያመጡ ተማሪዎች ቍጥራቸውን በሰሌዳ ላይ ይጻፉ።

፭ ከአያቶቻችሁ አንድ የአገር መድኃኒት ጠይቃችሁ በአራቱ ጥያቄዎች መርምሩት፤ የማይመለሰው ጥያቄ የትኛው ነው?